ከመምህሩ በር ውጭ

እናቴ ሰው ሲቸገር የምታውቀው መፍትሔ አንድ ነው፤ ታበላዋለች። የታመመም ይብላ፣ ያዘነም ይብላ ባይ ናት። ዩኒቨርሲቲው ከሩቅ አገር ለሚመጡ አዲስ ተማሪዎች የከተማ ቤተሰብ የሚሆናቸው ሰው ሲፈልግ፣ ከምንኖርበት ከአማን ከተማ ተነስታ ሄዳ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድማ የተመዘገበችው ለዚህ ነው። እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ማለፊያ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። እኔን ያላስገባ ዩኒቨርሲቲ እሑድ እሑድ ምሳ ሊበላ ቤታችን ድረስ መምጣቱ ደስ አላለኝም።

የደረሰችን ልጅ ከጎጃም ገጠር የመጣች፣ ቀጭን፣ ነጠላዋን አጥብቃ የምትይዝ፣ ስትናገር መሬት መሬት የምታይ ናት። በመጀመሪያው እሑድ በመስኮት አየኋት። የቆርቆሮ በራችን ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሷ ግን ውጭ ቆማለች። ጉሮሮዋን ጠረግ ታደርግና "ቤቶች" ትላለች፤ ያውም ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ዝናቡ ጀምሯል።

"ምን ትሠሪያለሽ እዚያ? በሩ ተከፍቶልሽ የለ?" አልኳት።

"ግቢ ያለኝ የለማ" አለች።

እኛ ሰፈር ሰው "አላችሁ?" የሚለው ማድ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ይቺ ደግሞ ሰው ወጥቶ እስኪቀበላት በስብሳ ልትሞት ነበር።

የነቢያት ጾም ስለነበር እናቴ ዶሮዋን ትታ ጎደሬ ቀቅላለች፤ ጨሞም አፍልታለች። ጨሞ ከቡና ቅጠል የሚፈላ ነው፤ ዝንጅብልም፣ ሚጥሚጣም፣ ጨውም ይገባበታል። ልጅቷ አንዴ ፉት አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

"እማማ፣ ይኼ ሻይ ነው ወይስ ወጥ?"

"እንደ ረሀብሽ ነው ልጄ።"

ጎደሬውን ደግሞ አገላብጣ አየችው። "ድንች ናት?"

"የድንች አጎት ነው፤ ዝም ብለሽ ብዪ" አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አልሳቀችም።

እሑድ በመጣ ቁጥር እናቴ "ትምህርት እንዴት ነው?" ትላታለች። "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች። እናቴም መልሱን አምና ጎደሬ ትጨምርላታለች። እኔ ልጅቷ እየከሳች መሆኗን አያለሁ፤ ግን አልጠየቅኳትም። ምን አገባኝ፣ የእናቴ እንግዳ ናት።

አንድ እሑድ ከወትሮው ቀደም ብላ መጣች። ለእናቴ ሎሚ ገዝታለች። ሎሚውን በሁለት እጇ አቀረበችና፣ ልትሰናበት እንደመጣች ተናገረች።

"ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ እማማ። ወደ አገሬ።"

የሒሳቡን አጋማሽ ፈተና ወድቃለች። ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚለው አይገባትም። የመጨረሻውንም ፈተና እንዲሁ ከወደቀች ትባረራለች። "ከሚያባርሩኝ ራሴ ብሄድ ይሻላል" አለች። አባቷ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባች" ብሎ ነግሯል፤ ምን ብላ ፊቱ እንደምትቆም አላወቀችም፤ ግን ቆርጣለች።

እናቴ አዘነችና ምግብ ልታቀርብ ማድ ቤት ገባች።

"መምህሩን ጠየቅሽው?" አልኳት እኔ።

"ቢሮው ተመላልሻለሁ።"

"ምን አለሽ?"

"አልወጣም።"

"የለም ነበር?"

"አለ እንጂ። ሲያስል እሰማዋለሁ።"

"አንኳኳሽ?"

ደነገጠች። "የትልቅ ሰው በር እንዴት ይደበደባል? ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግ ጠረግ አደረግሁ። የሚፈልገኝ ከሆነ ይወጣ የለም?"

ለካ በሩ ላይ ተማሪዎች ለጥያቄ የሚመጡበት ሰዓት ተለጥፏል። አንብባዋለች።

"ኑ ብሎ ጽፎ ከለጠፈ ሌላ ምን ቀረሽ?"

"መጻፍና መጥራት አንድ ነው እንዴ እቴ?"

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ንዴቴ። እኔ እዚያ በር ድረስ የሚያደርሰኝ ነጥብ ባገኝ በእግሬ ነበር የምመታው። "ማክሰኞ ትሄጃለሽ" አልኳት። "ነገ ከእኔ ጋር ነሽ።" እናቴ ሰሃን ይዛ ስትገባ፣ "እንግዳ ላይ አትጩኺ!" ብላ ተቆጣችኝ።

በማግስቱ ባጃጅ ይዘን ሄድን። በዋናው በር ላይ ጥበቃዋ አስቆመችኝ።

"ተማሪ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ምን ፈለግሽ?"

"ቤተሰብ ነኝ።"

"የማን?"

"የዚህች፣ ከኋላዬ የተደበቀችው።"

መታወቂያዬን ተቀብላ አስገባችን። ቤተሰብ ነኝ ያልኩት ለመግባት ብዬ ነው። ግን አንዴ ከአፌ ከወጣ በኋላ ውሸት አልመሰለኝም።

የመምህሩ ቢሮ በረጅም ኮሪደር ዳር ነው። በሩ ተዘግቷል። እሷ ወዲያው ግድግዳውን ተጠግታ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች፤ ቦታዋን ለምዳዋለች። ላንኳኳ እጄን አነሳሁና ተውኩት። ዛሬ እኔ ባንኳኳላት በሌላ ቀን ማንን ይዛ ልትመጣ ነው?

"ጥሪው" አልኳት።

"ምን ብዬ?"

"እንደ አገርሽ። ግን እንዲሰማ።"

"ኧረ እቴ፣ ይስቁብኛል!"

"ነገ ትሄጂ የለም? ቢስቁብሽስ!"

ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ከዚያች ቀጭን ደረት ያ ድምፅ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም፤ ማዶ ለማዶ የሚጠራሩበት ድምፅ ነው።

"ቤቶች!"

ኮሪደሩ አስተጋባ። ወዲያና ወዲህ በሮች ተከፍተው ራሶች ብቅ ብቅ አሉ። መጨረሻ ላይ የሒሳቡ መምህር ዳቦ እንደያዘ ወጣ፤ ወጣት ነው፣ ትልቅ ሰው እንኳ አይባልም።

"ማነው?" አለና አያት። "አገሬን ከለቀቅሁ ወዲህ እንዲህ ተጠርቼ አላውቅም!" ከት ብሎ ሳቀ። "ግቢ፣ ግቢ። እስካሁን የት ነበርሽ?"

"እዚሁ" አለች። "በሩ ጋ።"

ሳቁን አቆመ። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወንበር ሳበላት።

እኔ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረሁ። ቁጭ ማለት አይሆንልኝም፤ ተነስቼ በየግድግዳው የተለጠፈውን ሁሉ አነበብኩ። ግማሹ አልገባኝም። ከውስጥ የመምህሩ "ለምን?" ይሰማኛል። ከዚያ የእሷ ድምፅ፣ ቀስ እያለ። ከዚያ እንደገና "ለምን?" አላባረራትም፤ እሷም አልሸሸችም። ቀናሁባት፤ ልዋሽ አልችልም።

ስትወጣ ፊቷ ኮስተር ብሏል።

"እህስ?"

"የጠፋብኝ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው አለ።"

"ታዲያ?"

"ከዘጠነኛ እንጀምር አለኝ። ቅዳሜ ደግሞ የሴቶች ማጠናከሪያ ክፍል አለ፣ ግቢ አለኝ። ለሰነፎች ይመስለኝ ነበር፤ የክፍላችን ጎበዟ ልጅ ሁሉ ትገባለች አሉ። ለዘጠነኛው ደግሞ ሐሙስ ቢሮዬ ነይ ብሎኛል።"

"አውቶቡሱስ?"

ምንም እንዳልገባው ሰው አየችኝ። "ሐሙስ አለብኝ እያልኩሽ!"

ሒሳቡን አለፈች፤ ለጥቂት። ሌላውም እንደዚሁ። እናቴ እስከ ዛሬ ያሳለፋት ጎደሬው ነው ትላለች። እኔም አልከራከራትም፤ እሑድ እሑድ የሚጠብቃት ቤት ባይኖር ለመሰናበትስ የት ትመጣ ነበር?

ውጤቱ በወጣበት እሑድ ማድ ቤት ሽንኩርት ስንልጥ ቀና ብንል መሀላችን ቆማለች። አልጠራችም፣ ጉሮሮዋንም አልጠረገችም። የእናቴ ቢላዋ ከእጇ ወደቀ።

"ምነው ልጄ! ድምፅ እንኳ ሳታሰሚ!" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ያበላሸሻት አንቺ ነሽ!"

"ውጭ ዝናብ ነው እማማ" አለች ልጅቷ፤ ስኒ አንስታ ጨሞውን ራሷ ቀዳች። ፉት ስትለው አሁንም ዓይኗ እንባ ይሞላል።