የአባቴ ጀልባና የፒካፔ ባሌስትራ

አባቴ ጡረታ እንደወጡ ጀልባ መሥራት ጀመሩ። ግቢያችን ደብረ ታቦር ነው፤ ከጣና ይልቅ ለጉና ተራራ ይቀርባል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት መቁረጥና መበየድ ያስተማሩ ሰው ናቸውና ሥራው አላስቸገራቸውም። ያስቸገራቸው የሰፈሩ ሰው ነው። በአጥሩ በኩል ያለፈ ሁሉ «መምህር፣ የጥፋት ውሃ መጣ እንዴ?» እያለ ይስቃል። እሳቸውም «ስዕለት አለብኝ» ብለው ወደ ብየዳቸው ይመለሳሉ።

ስዕለቱን እኛ ቤተሰቦቻቸው እናውቃለን። የተወለዱት በፎገራ በኩል ጣና ዳር ነው። በክረምት ውሃው መንደሩን ሲከበው ታላቅ እህታቸው ምጥ ያዛት፤ የሚያሻግራት ጠፍቶ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ለመንደሩ የማይሰምጥ ጀልባ ሊሰጡ ተስለዋል።

ሦስት ዓመት ፈጀባቸው። ሲያልቅ ጀልባውን ማድረስ የእኔ ፈንታ ሆነ። ከጋሳይ ድንች የማመላልስባት አሮጌ ፒካፕ አለችኝ። ተሳቢ ተውሼ ጀልባውን ጫንንበትና ለሙከራ በጋፋት መንገድ ነዳሁ። የፒካፗ ወገብ ከኋላ ቁጭ፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና አለ። መሪው እጄ ላይ ቀለለብኝ። ሜዳው እንዲህ ከሆነ ወደ ወረታ የሚወስደው ቁልቁለትማ አያድርስ ብዬ ተመለስኩ።

አብሮ አደጌ የሆነው መካኒክ ጋራዡ ውስጥ ከፒካፗ ሥር ተኝቶ ከኋለኛው ጎማ በላይ ተደራርበው የታሰሩትን ጠፍጣፋ ብረቶች በመፍቻ መታ መታ አደረጋቸው።

«ባሌስትራው ደክሟል» አለኝ። «በየጎኑ ሁለት ሁለት ብረት እንጨምርበት። ያኔ ጀልባ አይደለም ቤት ትጎትታለች።»

ደስ ብሎኝ በምሳ ሰዓት ለአባቴ ነገርኳቸው፤ መልሳቸውን የሰጡኝ ግን ማታ ነው።

«አይነካም» አሉ።

«ምነው አባባ? ሦስት ዓመት የደከሙበት ጀልባ ለአራት ብረት ሲባል ይቅር?»

«ይቅር።» ተነሥተው ገቡ።

ተናደድኩ። እርጅና ግትር አደረጋቸው አልኩ በልቤ፤ ሳምንት ያህልም ከሰላምታ በስተቀር አላነጋገርኳቸውም። በኋላ ፍሬን ላሳይ ጋራዥ ስሄድ መካኒኩ ሳቅ እያለ «አባትህ መጥተው ነበርኮ» አለኝ።

«መቼ?»

«ያኔ ብረት እንጨምር ባልኩህ ዕለት፣ ከሰዓት። ብቻቸውን በእግራቸው መጡ። ‹ብረት ሲጨመርበት ባዶውን ሲሄድ ያንገላታል ወይ?› አሉኝ። ጭነት ከሌለው እንደ ጋሪ ነው አልኳቸው። ‹እንግዲያው ይቅር፤ ማክሰኞ ማክሰኞ እሷን ሆስፒታል የምታመላልስ መኪና ናት› ብለውኝ ሄዱ።»

እናቴ ወድቃ ወገቧን ከተጎዳች ዓመት አልፏታል። ማክሰኞ ማክሰኞ ለሕክምና የምወስዳት እኔ ነኝ። አባቴ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ለእሷ አንዲት የፍቅር ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ጋራዡ ደጃፍ ላይ ፍሬኑን ረስቼ ቆምኩ።

ቤት ስገባ እናቴ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። የሰማሁትን ነገርኳት። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እሱ ነው እንዲህ ያለው?»

«እሳቸው።»

«እስቲ ድገምልኝ።»

ደገምኩላት። ምሳ ላይ አባቴን ቀና ብላ አየችና «ስዕለት በእኔ ወገብ አይታሰርም» አለች። «ይጨመርበት።»

«ትንገላቻለሽ።»

«የታሰረ ብረት አይፈታም? ጀልባውን አድርሰን ይነቀላል።»

አባቴና እኔ ተያየን። ለካስ ይህን ያህል ቀን ስንኳረፍ አንዳችንም አላሰብነውም።

መካኒኩም «ይነቀላል እንጂ!» አለ። «እንዲያውም በየጎኑ አንድ አንድ ይበቃል። ጀልባው ተሳቢው ላይ ወደፊት በዝቶ ነው የከበዳት፤ ትንሽ ወደ ኋላ እንግፋው።» ብረቱን አሰረላትና ጀልባውን ገፋነው፤ ፒካፗም ቀጥ ብላ ቆመች።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ጠዋት ተነሣን። እናቴ አልቀርም ብላ ጋቢ አጥፋ፣ ትራስ ደርባ መሐላችን ተቀመጠች። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ቀስ እያልኩ ወረድኩ። አባቴ አንዴ ወደ ጀልባው፣ አንዴ ወደ እናቴ ይዞራሉ።

«አመመሽ?»

«መንገዱን እይ አንተ!» አለቻቸው።

መንደሩ እስከ ውሃው ዳር ወጥቶ ተቀበለን። ቄሱ ጸሎት አድርሰው መስቀላቸውን ጀልባው ላይ አሳረፉ። ሰዉ እልል እያለ ገፍቶ ውሃ ላይ አሳረፈው። ተንሳፈፈ። ጠብታ ውሃ አላስገባም። አባቴ ጎንበስ ብለው ብየዳውን በመዳፋቸው ዳበሱና ዞር አሉ፤ ፊታቸውን እንዳናይ ይመስለኛል።

ስንመለስ መካኒኩ ያለው ደረሰ። የተዋስነውን ተሳቢ ጀልባውን ለማውጣት እንዲሆናቸው ለጊዜው እዚያው ትተነው ነበርና ባዶዋ ፒካፕ በየጉድጓዱ ትዘል ጀመር። እናቴ ከንፈሯን ነክሳለች። ዓለም በርን እንዳለፍን አባቴ «አቁም» አሉኝ። ወርደው ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንሥተው በፒካፗ የኋላ መጫኛ ላይ አስቀመጡ። ሌላም አመጡ። የሚያደርጉት ሲገባኝ ወርጄ አገዝኳቸው። በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ኮታቸውን አውልቀው አቧራ ለበሱ፤ ባሌስትራው ጎንበስ እስኪል ድንጋይ ጫንን።

እናቴ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «ምን ሆናችኋል? ቤት ልትሠሩ ነው?» አለች።

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አሏት።

ከዚያ በኋላ ፒካፗ ለሰለሰች። ዳገቱን ሳንጨርስ እናቴ በአባቴ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እሳቸውም እስክንደርስ ንቅንቅ አላሉም።