ባለቤቴ መስመሩን ያጠበ ዕለት

ሰው የሐኪም ቀጠሮ ሲይዝ ይጨነቃል። ባለቤቴ ግን ቀጠሮ የተሰጠው ዕለት እያፏጨ ነው ቤት የገባው።

«በካሜራ ሊያዩኝ ነው!» አለኝ ገና ጫማውን ሳያወልቅ። «ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ ነው አሉኝ። በአፍ ገብቶ፣ በጉሮሮ አልፎ፣ ጨጓራ ድረስ ይወርዳል። ጫፉ ደግሞ ይታጠፋል! ዶክተሩ ከላይ ሆኖ ወደፈለገበት ያዞረዋል። ሰምተሻል? ይታጠፋል!»

ሰምቻለሁ። ጎረቤትም ሰምቷል።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ሥራውን ልንገራችሁ። ባለቤቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ በተለይ የተዘጋ መክፈት ላይ የሚያህለው የለም። ሰፈሩ ባለሽቦው ይለዋል፣ ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ረጅም ሽቦ ስለማይጠፋ። ዕድሜውን ሙሉ ጆሮውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ በመፍቻ መታ መታ እያደረገ፣ ውሃው የት ጋ እንደቆመ ሲገምት የኖረ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ግምቱ ልክ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የሰው ቤት በከንቱ ያፈርሳል። አንዴ የአንዲት ጥርስ ሐኪም መታጠቢያ ቤት ወለል ሙሉውን ካነሳ በኋላ፣ የዘጋው ነገር በሩ ሥር ተገኘ፤ የሕፃን ካልሲ ነበር። ያን ቀን ማታ ራሱን ይዞ ተቀመጠና «ዓይን ቢኖረኝ! ውስጡን የማይበት አንድ ዓይን ቢኖረኝ!» ሲል አመሸ። የራሳችን ወጥ ቤት ቧንቧ እስከ ዛሬ ያንጠባጥባል፤ እሱን ባላነሳው ይሻላል።

እንግዲህ ይህ ሰው ዓመት ሊሞላው ነው ምግብ አልወርድ ካለው። መጀመሪያ ደረቅ ዳቦ እምቢ አለ፣ ቀጥሎ ሥጋ፣ ቀጥሎ ሩዝ። አላምጦ ይውጣል፣ ደረቱ መሃል ላይ ሲደርስ ቆሞ ይቀራል። ዓይኑ እንባ ያቀርና ተነስቶ ይወጣል። እያደር ከእኛ ጋር ማዕድ መቅረብ ተወ። «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። «ደንበኛ ጋበዘኝ» ይላል። ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አባቱ የሞቱት እንዲሁ ምግብ አልወርድ ብሏቸው፣ መንምነው መንምነው ነው። ይህንን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ አንዳችንም አንተነፍስም። ሆድ ይፍጀው ብለን ተቀምጠናል።

ስለዚህ ሲያፏጭ ደሜ ፈላ። ሰውዬው ሠርግ የተጠራ መሰለው እንዴ?

የምርመራ ክፍሏ ነርስ መመሪያውን በስልክ ስትሰጠን እኔም ጆሮዬን ደቅኜ ነበር። ከማታ ጀምሮ ምግብ የለም። ጠዋት ምንም አይጠጣም። በግራ ጎን ነው የሚተኛው። የሚያጅበው ሰው ይዞ ይምጣ። በቃ፣ ይህ ነው። እሱ ግን ትልቅ ሥራ እንደተቀበለ ሰው ዝግጅቱን ተያያዘው። መስተዋት ፊት ቆሞ ከከንፈሩ እስከ እምብርቱ በሜትር ለካ። ማንኪያ ጥርሱ መሃል ነክሶ ሶፋው ላይ በግራ ጎኑ እየተጋደመ፣ በአፍንጫው መተንፈስ ተለማመደ። ልጃችንንም ጠርቶ ባትሪ አስያዛትና አፉን ከፈተ።

«ምን ይታይሻል?»

«ምላስ።»

«ከምላሱ ወዲያስ?»

«አባዬ፣ ከምላሱ ወዲያማ ጨለማ ነው።»

«አየሽ!» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ፣ ልክ እኔ ተከራክሬው የረታኝ ይመስል። «ሐኪሙም ሁሉ እስከ ዛሬ ያየልኝ ይህችኑ ነው። አሁን ግን ጨለማው ውስጥ ሊገባ ነው!»

ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ። የቀጠሮው ዋዜማ በጊዜ ሾርባውን ጠጣ፣ ጢሙን ተላጨ፣ ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ። እኔ የተረፈውን ሾርባ ከነድስቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ልጃችን ብስኩቷን መኝታ ክፍሏ ተደብቃ በላች። ጠዋት ልብሴን ስለብስ የመታጠቢያው ቧንቧ ለረጅም ጊዜ ሲንሿሿ ሰማሁ። ፊቱን እየታጠበ ነው ብዬ ምንም አላልኩም።

ዶክተሩ የተቀጠርንበት ክሊኒክ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ እሱን ለማግኘት ወራት ወረፋ ጠብቀናል። ስንደርስ ኮሪደሩ ላይ ሰው በፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድሯል፣ ሁሉም ባዶ ሆዱን፣ ሁሉም ወለሉን እያየ። ባለቤቴ ብቻ አንገቱን አስግጎ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ወደ ውስጥ ለማየት ይሞክራል። ነርሷ ስሙን ጠርታ መጣች።

«ጋሼ፣ ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም አይደል?»

«ምንም!»

«ውሃስ?»

«አልጠጣሁም፤» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ «አጠብኩት እንጂ።»

«ምኑን?»

«መስመሩን ነዋ! ካሜራ ከመግባቱ በፊት መስመር ይታጠባል። አለዚያ ሌንሱ ይጨቀይና ምኑ ይታያል? ጠዋት ሁለት ጆግ ለቀቅሁበት። ለእናንተም ሥራ ይቅለል ብዬ ነው።»

የነርሷ እስክሪብቶ ቆመ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነርሷ አልተቆጣችም፣ ረጋ ብላ ነው ያስረዳችው። «ጋሼ፣ ጉሮሮዎን በመድኃኒት ነው የምናደነዝዘው። ደንዝዞ ሳለ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ላይ ቢመለስ፣ ሳል የለ፣ መዋጥ የለ፣ ቀጥታ ወደ ሳንባ ነው የሚገባው። ሰው ይሞትበታል።»

«ወደ ኋላ ይመለሳል!» አለና ግንባሩን በመዳፉ መታ። «አንድ ላይ ናቸዋ! የአየሩና የምግቡ መስመር እዚያ ላይ ይገናኛሉ! እንዴት ይህን አላሰብኩም!» ማፈሩንም መደነቁንም ፊቱ ላይ አንድ ላይ አየሁት።

«ዶክተሩን ልጠይቅ። ግን ዛሬ ላይሆን ይችላል» ብላ ነርሷ ገባች።

ዛሬ ካልሆነ መቼ እንደሚሆን አውቃለሁ። ያንን ሁሉ ወራት እንደገና። በዚያች ቀበቶ ላይ ስንት ቀዳዳ ሊጨመር ነው? ያን ጊዜ የያዝኩት ሁሉ ፈነዳ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ! ማን እጠብ አለህ? ሆድህ የሰው መታጠቢያ ቤት መሰለህ? አባትህ እንዲህ ሆነው አይደለም እንዴ የሞቱት? እኔ ሌሊቱን ሙሉ ጣራ ላይ አፍጥጬ አድራለሁ፣ አንተ ታፏጫለህ!»

ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩልን። በቤታችን ተነስቶ የማያውቀውን ነገር ሰው ፊት አወጣሁት፤ ወዲያው ቆጨኝ።

ባለቤቴ አልተቆጣም። ወንበሩን ወደ እኔ ጠጋ አደረገ።

«እኔስ የምተኛ መስሎሽ ነው? ዓመቱን ሙሉ ፈርቼ ከረምኩ፤ ፍርሃቱ እኮ አለቀብኝ» አለ በዝግታ። «ደስ ያለኝ ሞኝ ሆኜ አይደለም። ምን እንደሆነ ካልታወቀ ነገር ጋር ስታገል ነው የኖርኩት። ካልሲም ይሁን የዛፍ ሥር፣ አንዴ ከታየ መላ አለው። ዛሬ የእኔ ሊታይ ነው። እንዴት ደስ አይለኝ?»

አንጀቴን በላው። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከልኩለት፤ ምንም አልጎደለውም ነበር።

ነርሷ ተመልሳ መጣች። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛለች። «ዶክተሩ ከሁሉም ሰው በኋላ አይዎታለሁ ብሏል። እስከዚያ ግን አንዲት ጠብታ ብትገባ ወደ ቤትዎ ነው!»

ባለቤቴ ተነስቶ እጅ ሊነሳት ቃጣው። እኔም ወንበር ቀየርኩና በእሱና በውሃ ማቀዝቀዣው መሃል ዘብ ቆምኩ።

እንዲህ ያለ ወረፋ መጠበቅ ግን አይቼ አላውቅም። ከክፍሉ ሰው በወጣ ቁጥር ባለቤቴ ይነሳል። «እንዴት ነው? ሲታጠፍ ይሰማል? ስክሪኑ ወዴት ነው የዞረው?» ሰዎቹ ጉሮሯቸው ደንዝዞ «እም እም» ብለው ያልፉታል። ነርሷ በሩን ከፍታ «ጋሼ፣ ሰዎቹን ያሳርፏቸው!» ትላለች። ይቀመጣል። ደግሞ ይነሳል። ደስታው እየቆየ ለእኔም ተጋባብኝ መሰለኝ፣ አንዲት ሴት ስትወጣ ሳላስበው ብድግ ብዬ «እህቴ፣ መብራቱ ሆድ ላይ ከውጭ ይታያል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት። ሽማግሌው ሳቁብኝ። ለካ ሰው እየፈራም ሊጓጓ ይችላል።

ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ባዶ ሲቀር ጠሩን። ዶክተሩ አጠር ያለ፣ ቀኑን ሙሉ መቆሙ ፊቱ ላይ የሚነበብ ሰው ነው። ነርሷ ጉሮሮው ላይ መድኃኒቱን ነፋችበት። «መራራ ነው!» አለ ባለቤቴ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ምላሴስ? ምላሴ የት ሄደ?» አለና እየሳቀ በጣቱ ፈለገው።

«እንዲያንቀላፉ መርፌ ልስጥዎት?» አለው ዶክተሩ።

«አዎ፣ ይስጡት» አልኩ እኔ።

«በፍጹም!» አለ እሱ በወፈረ አንደበት። «ልይ! እባክዎ ልይ!»

ዶክተሩ ፈገግ ብሎ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረለት። እኔን አስወጡኝ። በሩ ላይ ተለጥፌ እሱን ኧቅ ኧቅ ሲለው፣ ዶክተሩም «ጎበዝ፣ ይተንፍሱ፣ አለፈ፣ አለፈ» ሲለው ይሰማኛል። ቦርሳዬን ጨምቄ ይዣለሁ። ነርሷ በኋላ እንደነገረችኝ፣ መብራቱ ምግብ የሚቆምባት ቦታ ሲደርስ ባለቤቴ ቱቦ አፉ ውስጥ እንዳለ እጁን አንስቶ በጣቱ ስክሪኑን ጠቆመ። ዶክተሩም «አዎ፣ አይቻታለሁ» ብሎታል።

ሲጠሩኝ አልጋው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል፣ አገጩ ለሃጭ በለሃጭ ነው፣ ፊቱ ግን በርቷል። ስክሪኑ ላይ ሮዝ መልክ ያለው የሚያብረቀርቅ ዋሻ አለ፤ መሃሉ ላይ በክር የታሰረ ያህል ጠቧል።

«ያስቸገረችዎት ይህች ናት» አለ ዶክተሩ። «አሲድ እየተመላለሰ አቁስሎት፣ ጠባሳው አጥብቦታል።»

ማስጨረስ አልቻልኩም። «አባቱን የገደለው ነገር ነው?»

«አባታቸው ምን ነበር ያመማቸው?»

«አናውቅም» አለ ባለቤቴ፣ ደንዝዞ በተኮላተፈ ምላሱ። «ማንም አላየላቸውም።»

ዶክተሩ ጓንቱን አወለቀ። «የእርስዎን ግን አይተነዋል። ክፉ የሚመስል ነገር አላገኘሁበትም። ለማረጋገጥ ቅንጣት ናሙና ወስጃለሁ። ለጊዜው መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ከዚያ ጠባቧን ቀስ እያልን እናሰፋታለን። ምግብ ይወርዳል።»

«ይወርዳል?» አልኩት።

«ይወርዳል።»

እንደ ሕፃን መዝለል አማረኝ። ዞር ስል ባለቤቴ እያለቀሰ ነው። የደስታ ነው ብዬ ሳቅሁ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት፣ «አላልከኝም? ከታየ መላ አለው አላልክም?» አልኩት። ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም።

«አባዬም እዚህችው ጋ ነበር የሚይዛቸው» አለና መዳፉን ደረቱ መሃል ላይ አደረገ። «እዚህችው ጋ። በጣታቸው ያሳዩን ነበር።»

ደረቱ ላይ እንዳለ እጁን ያዝኩት። ነርሷ የአልጋውን መጋረጃ ሳበችልን።