ካኪ ያየ በቀቀን

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ የኦቦ ቶሎሳ አዲስ በቀቀን ጣቴን ዘነጠለው። ደሜ ገና አልቆመም።

ኦቦ ቶሎሳ «ዛሬ ልኩን አሳየዋለሁ!» ብለው ዱላ አነሱ። እጃቸውን ለቀም አደረግኩ። ይህን ድብድብ አውቀዋለኋ!

በደርግ ጊዜ ጊንጪ ሳለን፣ አንድ የጭልሞ ደን ሠራተኛ ታሰረና ሚስቱ በቀቀኑን ለእኛ ሰጠች።

አባዬ መምህር ነበር። ከሥራ ገብቶ የሽቦ ቤቱን ሲከፍት ወፉ ዘሎ ፊቱ ላይ ተጣበቀ፤ ከንፈሩን ሰነጠቀው። አባዬም በቡጢ ከግድግዳ ጋር አላተመው።

ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን ደምና ላባ ሆነ። እማዬን ግን ጫፏን አይነካትም። («እሱም ሚስቴን ፈራ» ይላል አባዬ፣ ከንፈሩ አብጦ።)

እሑድ አባዬ ጋቢ ለብሶ ሲቀርበው፣ እከከኝ ብሎ አንገቱን ደፋለት። ሰኞ የሥራ ካኪውን ሲለብስ ተመልሶ ዘለለበት።

የታሰረው ሠራተኛ ሚስት ልትጠይቀን ስትመጣ ነገርናት።

«ባሌን ሲወስዱት እዚያው ወፉ ፊት ነው የቀጠቀጡት። ሁሉም ካኪ ለባሽ ነበሩ» አለች።

ከዚያ ወዲህ አባዬ ካኪውን ደጅ አውልቆ ነበር የሚገባው። የታሰረው ሰውዬ ግን አልተመለሰም።

የኦቦ ቶሎሳን ዱላ ደብቄዋለሁ። እስቲ ጻፉልኝ፤ እናንተ ቤት የሚናከሰው እንስሳስ የማንን ዱላ እያስታወሰ ነው?