የከተማው በር፣ የገጠሩ በር

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ከተሜ ለመባል የማልሆነው አልነበረም። ቤታችን ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ከመጨረሻዎቹ ቤቶች ትንሽ እልፍ ብሎ ነበር። ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን መብራት አላቸው፤ እኛ ኩራዝ። የክፍሌ ልጆች የኩራዙን ጥላሸት አፍንጫዬ ላይ ባዩ ቁጥር "ገጠሬ!" ይሉኛል። እንዴት እንደሚያናድደኝ!

የጂኦግራፊ አስተማሪያችን "ከተማ ማለት አብዛኛው ነዋሪ ከእርሻ ውጪ በሆነ ሥራ የሚተዳደርበት ነው" ብሎ ሲያስጽፈን እጄን አወጣሁ።

"ቲቸር፣ አባቴ እያረሱ እኔ ከተሜ መሆን አልችልም?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም እየሳቀ "እሱን ማዘጋጃ ቤት ጠይቂ" አለኝ።

መጠየቅም አላስፈለገኝ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ መጣ። ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር አገሩን ሁሉ የያዘበት ጊዜ ነበርና የእኛም ከተማ አዲስ ወሰን ሊበጅለት ሆነ። ከወሰኑ በታች የገባ ከተማ ነው፤ መብራት ይገባለታል፣ ማሳው ግን ለቤት መሥሪያ ይሸነሸናል። ከወሰኑ በላይ የቀረ ገጠር ነው፤ ማሳውም የራሱ፣ ኩራዙም የራሱ። አባቴ ደግሞ ከቤታችን በላይ ያለችውን የገብስ ማሳ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩዋት። እኔ መብራት እንዲገባልን ሥላሴን ስለምን፣ እሳቸው ማሳዋ እንዳትነካ ይለምናሉ። ሥላሴ ምን ይበሉ?

አባቴ በሬያቸውን ይዘው ጎረቤት ዘንድ ለወንፈል፣ እናቴም ገበያ በሄዱበት ቀን ቀያሾቹ ባለ ሦስት እግር መነጽራቸውን ተሸክመው ከች አሉ። አነጣጠሩ፣ ተጯጯሁ፣ በመጨረሻም አናቱ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ከቤታችን በታች ቸክለው ሄዱ። ከቤታችን በታች! ገጠር ቀረን ማለት ነው። አልጋዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

አባቴ ሲመለሱ እኔን በለቅሶዬ እንቅልፍ ወስዶኛል፤ የነገራቸው ሰው የለም። ቀዩን ችካል ሲያዩ እናቴ ለበሬው የተከለችለት መሰላቸው። "እሰይ የኔ ሴት!" ብለው ቦራውን በሬ አሰሩበትና ገብተው ጋደም አሉ።

በሬው ምን ያድርግ? ቀና ሲል የበልግ ገብሱ ለምለም ሆኖ ይታየዋል። አንዴ ሳብ ቢያደርገው ችካሉ እንደ ሽንኩርት ተነቀለ። ኮቴ ሰምቼ ብወጣ፣ በሬው ወሰኑን እየጎተተ በቤታችን ጎን አልፎ ማሳው መሃል ገብቷል።

"ከተማ ገባን!" ብዬ ጮህኩ። "አባዬ፣ በሬው ከተማ አስገባን!"

እናቴ ከገበያ ስትደርስ እኔ እዘላለሁ፣ አባቴ በሬውን ያባርራሉ። የሆነውን ስትሰማ ያዘለችውን ቅርጫት ጥላ እየሳቀች ተቀመጠች። "በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!" አለችው በሬውን።

በማግስቱ ቀያሾቹ ተመለሱ። ዋናው ቀያሽ መጀመሪያ ተቆጣ፤ አባቴ "ጌታዬ፣ ችካል ሲባል እኛ የምናውቀው የከብቱን ነው" ሲሉት ግን ሳቁን መያዝ አቃተው። እንደገና ለካ። ለካና ጭንቅላቱን አከከ። ትናንትም ተሳስተው ኖሯል፤ ትክክለኛው መስመር የሚያልፈው በቤታችን መሃል ነው! ምድጃው ከተማ፣ አልጋው ገጠር።

"በሩ ወዴት ነው የሚከፈተው?" አለ ቀያሹ። "ቤት የሚቆጠረው በበሩ ነው።"

በራችን ወደ ማሳው ነው። እዚያው እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አባቴ እኔን አዩኝ፣ ማሳቸውን አዩ፣ ጢማቸውን ዳሰሱ።

"ሁለት በር ቢኖረውስ?" አሉት።

"ሁለት ካለውማ፣ አባት፣ ቤቱ ከተማ፣ ማሳው ገጠር ይሁንልዎታ!"

አባቴ ዶማ አነሱና የታችኛውን ግድግዳ ይንዱት ጀመር። "ኧረ ቤቴን! ኧረ በማርያም!" እናቴ ትጮሃለች። አቧራው ጨሰ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ ቀያሹ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በቀዳዳው የከተማው ቆርቆሮ ጣራ ብቅ ሲል ግን እናቴም እልልታዋን አቀለጠችው። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል አይደል የሚባለው!" አለች።

መብራቱ ገባ። በምድጃው በኩል አንዲት አምፖል ተንጠለጠለች። ማታ ማታ አባቴ "ደክሞኛል፣ እስቲ ከተማ ልውረድ" ይሉና በርጩማቸውን ከአልጋው አጠገብ ወደ አምፖሏ ሥር ይስባሉ። እኔ በከተማው በር ወጥቼ ትምህርት ቤት፣ እሳቸው በገጠሩ በር ወጥተው እርሻ። ገጠሬ የሚለኝም ጠፋ።

ከዓመታት በኋላ ወሰኑ እንደገና ዳገቱን ወጣ፤ ያኔ የሚነቅለው በሬ አልነበረንም። ማሳዋ ተሸንሽና ቤት ተሠራባት፤ በገጠሩ በር ፊት ኮብልስቶን ተነጠፈ። አባቴ ግን አሁንም ጠዋት በከተማው በር አይወጡም። የገጠሩን ከፍተው ደፉ ላይ ይቆሙና ሽቅብ አይተው "ዛሬስ ዝናብ አለው" ይላሉ።

እኔም ከውስጥ ሆኜ "ገብሱ ይጠግባላ፣ አባዬ" እላቸዋለሁ።