ኑረዲን ድምፁን የሰማበት ሰርግ

ባለፈው ጥር አዳማ ላይ የእህቴ ልጅ ተዳረች። አዳራሹ ሰፊ ነበር፤ ባንዱም ወጣቶች ብቻ የተሰባሰቡበት። ዘፋኙ ሁለቱንም ጆሮዎቹን በትንንሽ ማዳመጫ ደፍኖ፣ ቀጭኑ ሽቦ ከኮሌታው ስር ገብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘፍናል። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ይኼ ልጅ እየዘፈነ ስልክ ያወራል እንዴ ብለው ጠየቁኝ። የራሱን ድምፅ እያዳመጠ እንደሆነ ነገርኳቸው። «የገዛ ድምፁን ለመስማት ደግሞ መሣሪያ ያስፈልገዋል?» አሉና ወደ ሳህናቸው ተመለሱ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ምግቡም ጨዋታውም አልጥም አለኝ። ኑረዲን ትዝ ብሎኝ ነበር።

ያደግሁት ጭሮ ነው። አባቴ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ከሸዋ ተመድቦ ሲመጣ ገና በእናቴ ጀርባ ነበርኩ። እቤት ውስጥ ከተማዋን አሰበ ተፈሪ እንላታለን፤ ከደጅ ስንወጣ ጭሮ ትሆናለች። በሃያዎቹ ዕድሜዬ ሬዲዮና ቴፕ እየጠገንኩ እኖር ነበር፤ ቤዝ ጊታርም እጫወታለሁ። አራት ሆነን ባንድ አቋቁመን ነበር። ኪቦርዱ የሚፍታ ነው፤ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ድራም የሚመታው ጌቱ ከወሎ ተመድቦ የመጣ ነርስ ሲሆን፣ በሥራው ላይ እጁ ለስላሳ ነው ይባልለታል፤ ድራሙ ላይ ሲቀመጥ ግን ያ ሰው መሆኑን ያስረሳል። ዘፋኛችን ኑረዲን ነበር።

ኑረዲን በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ይበልጣል። የገለምሶ ልጅ ነው፤ እናቱ አዴ ፋጡማ እዚያ ገበያ ውስጥ ቅመም ይሸጣሉ። እሱ ጭሮ መጥቶ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። በኦሮምኛም በአማርኛም ይዘፍናል። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ግን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ሰው ወሬውን ያቆምለታል። ከጭሮ እስከ በደሳ፣ ከገለምሶ እስከ ቆላው አሰቦት ድረስ ሰርግ ያለው ሰው ሁሉ ኑረዲንን ይጠራ ነበር፤ እኛም ከኋላው እንከተላለን።

ከዚያ አንድ ዓመት ላይ ድምፁ መንሸራተት ጀመረ። በደህና ጀምሮ መሃል ላይ ከኪቦርዱ ይለያል፤ አንዳንዴ ዝቅ፣ አንዳንዴ ከፍ ይላል፤ እሱ ግን አይታወቀውም። በደሳ ላይ ልጃቸውን የዳሩ አንድ ሰው፣ ለታናሽየዋ ሰርግ ሌላ ዘፋኝ እንደሚፈልጉ ለጌቱ በለሆሳስ ነገሩት። ኑረዲን ራሱ ጥፋቱን የሚያደርገው በስፒከሮቹ ላይ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኛም ያመንነው እንደዚያ ነው። በድንኳን ውስጥ ትልልቆቹ ስፒከሮች ፊታቸው ወደ እንግዳው ነው፤ ከኋላ የምንቆመው እኛ ከጌቱ ድራምና ከጄኔሬተሩ ጩኸት በቀር የምንሰማው የለም። ኑረዲን ድምፁን ፍለጋ ስፒከሩ ላይ ተለጥፎ ይዘፍን ነበር። እኛም ሳናስበው ጀርባችንን ሰጥተነው ከኪቦርዱ ጋር ብቻ መሄድ ለምደን ነበር።

በሳተላይት ቴሌቪዥን የውጭ አገር ዘፋኞች ጆሯቸው ውስጥ የሆነ ነገር ከትተው ሲዘፍኑ አይ ነበር። ምን እንደሆነ ስጠያይቅ ቆይቼ ገባኝ፤ የምናየው ሽቦ አልባው ዓይነት ግን ከእኛ አቅም ጋር የሚተዋወቅ አልነበረም። አንድ ቀን ለጥገና ዕቃ ልገዛ ድሬዳዋ ወረድኩ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ጠዋት የበላሁት ፈጢራ ገና ሆዴ ውስጥ እንደከበደኝ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆቹን ስዞር፣ ሳሙና የምታክል ማጉያ አየሁ። አንድ ድምፅ ተቀብላ ለአራት ማዳመጫ ታከፋፍላለች፤ ለእያንዳንዱም የራሱ ማዞሪያ አለው። ባለሱቁ ለምን እንደምትሆን አያውቅም ነበር። ጨመር አድርጌ የስልክ ማዳመጫዎችና ረጅም ሽቦ ገዝቼ፣ መንገድ ላይ ባለችው ደጋ፣ በሂርና ቁር እየተንቀጠቀጥኩ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ጭሮ ተመለስኩ።

የምንለማመደው አንድ ጫት ነጋዴ በፈቀዱልን መጋዘን ውስጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት ባዶ ነው፤ ወለሉ ላይ የተጣለ የጫት ገራባና እርጥብ የኮባ ቅጠል ተበትኖ ይቀራል፤ ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ማጉያዋን የሁላችንን ድምፅ ከሚያዋህደው ሚክሰር ትርፍ መውጫ ጋር በየድኩ። ለጌቱ፣ ለሚፍታና ለራሴ ሽቦውን በወለሉ ላይ ዘረጋሁ። የማዳመጫዎቹን ጫፍ ስፖንጅ አልብሼ በየሰዉ ጆሮ ልክ ቆረጥኩ፤ የውጭው ጩኸት እንዳይገባ። ኑረዲን ቆሞ የሚዘፍን ሰው ስላልሆነ፣ የእሱን የማዳመጫ ሽቦ ከማይኩ ሽቦ ጋር በፕላስተር እየጠቀለልኩ አንድ አደረግኋቸው። ማይኩን ይዞ የሄደበት ሁሉ ድምፁ ይከተለዋል።

የመጀመሪያው ቀን ጌቱ ማዳመጫውን አውጥቶ ወረወረው። ውኃ ውስጥ የሰመጥኩ መሰለኝ፣ ሰው እያጨበጨበ ይሁን እየተሳደበ በምን አውቃለሁ አለ። እውነቱን ነበር፤ የባንዱን ድምፅ ብቻ መስማት ብቸኛ ያደርጋል። ስለዚህ አንድ አሮጌ ማይክ ወደ እንግዳው የሚዞርበት ቦታ አበጅቼ፣ የሰዉን ድምፅ በስሱ ወደ ጆሯችን አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ጌቱም ወደደው። እጁን ቀለል አደረገ። ለመጀመሪያ ጊዜ እርስ በርስ ተደማመጥን፤ ሚፍታ ሲስቅ ያየሁት ያን ሰሞን ነው።

ኑረዲን ብቻ አልተለወጠም። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዙሮ ጨምርልኝ ይላል። አንድ ጠዋት እየዘፈነ የግራ ማዳመጫው ከጆሮው ወጥቶ ደረቱ ላይ ተንጠለጠለ። ጎንበስ ብሎ አላየውም፤ እጁም አልሄደም። እንዲያ እንደተንጠለጠለ ዘፈኑን ጨረሰ።

ልቤ ፈራ። ማዳመጫውን እኔው መልሼ ጆሮው ውስጥ ከተትኩለትና እስቲ አንድ ነገር ልሞክር አልኩት። የማዳመጫ ጃክ ትንሽ ሳብ ሲደረግ ድምፁ በአንድ ጎን ብቻ እንደሚቀር የተጠቀመበት ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ የራሴን ስቤ አረጋገጥኩ፤ በግራ ብቻ ይሰማል፣ ጥርት ብሎ። ከዚያ የእሱንም እንደዚያው ሳብኩት። ትልቁ ስፒከር ጠፍቷል። ጌቱ እንዳይመታ በዓይኔ ጠቀስኩትና ሚፍታ እንዲጀምር ምልክት ሰጠሁት።

ሚፍታ መግቢያውን ተጫወተ። ኑረዲን የሚገባበት ቦታ ደረሰ፤ አለፈ። ሚፍታ ግራ ገብቶት ከመጀመሪያው ደገመው። ኑረዲን ማይኩን አፉ አጠገብ ይዞ በትዕግሥት ቆሟል።

«ጀምሩ እንጂ» አለን።

የሚፍታ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ሲንቀሳቀሱ አየ፤ ከዚያ የእኔን ፊት አየ። ማይኩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

«ጀምራችሁ ነበር?» አለ።

«አዎ ኑሬ» አልኩት።

ጆንያ ላይ ተቀመጠ። በዝግታ ነገረን። ስልክ በቀኝ ብቻ ማንሳት ከጀመረ ቆይቷል። ሱቅ ውስጥ ገዢ በግራው ከመጣ እንደማይሰማ ሲያውቅ መቀመጫውን ግድግዳው ጋ አዙሮታል። ስፒከሩ ነው እያለ ራሱን ሲያሞኝ ከርሟል። ይህን ሁሉ ሲናገር ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ ግራ እጁ ግን ጆሮውን ይዞ ነበር።

ጌቱ ወደሚሠራበት ሆስፒታል ወሰደው፤ እነሱም ወደ ሐረር ጻፉለት። አብሬው ሄድኩ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበሩ፤ በቀኙ በኩል ቆመው ደጋግመው አስረዱት። የግራው ነርቭ ሞቷል፣ ቀኙም በዚያው መንገድ ላይ ነው። ምክንያቱ የልጅነት ትኩሳት ይሁን የስፒከር ጩኸት ማንም ሊለይ አይችልም። የሚመልሰው መድኃኒት የለም፤ ከኃይለኛ ድምፅ ከራቀ ግን ቀኙ ትንሽ ሊቆይለት ይችላል።

ስንመለስ ዝናብ ነበር። መንገዱ ዳር መኪናችን ቆማ ሆጃ ጠጣን፤ የቡና ገለባው በወተት ተፈልቶ፣ ጨው ብጤ ጣል ተደርጎበት። ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ ዝናቡን ያያል።

«ሂክማ ነፍሰ ጡር ናት» አለኝ በመጨረሻ። ሚስቱ ናት። «የቀረችኝን ጆሮ ለሚወለደው ልጅ ላስቀምጣት አስቤያለሁ፣ ደሱ። ይህ ዘፈን በቃኝ። የዘይነባን ሰርግ ብቻ ልዝፈን።»

ዘይነባ ታናሽ እህቱ ነች። አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ሰርግሽ ላይ እኔ ነኝ የምዘፍነው እያለ። መከልከል አልቻልኩም።

ሰርጉ ገለምሶ ነበር። በበደሳ በኩል ስንሄድ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ የማሽላው እሸት ዘንበል ብሎ፣ የጫት መኪኖች ጭቃ እየረጩብን ያልፉ ነበር። ደርሰን ትልልቆቹን ስፒከሮች ወደ ድንኳኑ ጫፍ አራቅኋቸው። ጌቱ ድራሙን ጨርሶ አላወረደም፤ ትንሽ ከበሮ ይዞ ጥግ ተቀመጠ። በኑረዲን ቀኝ ጆሮ ኪቦርዱንና የራሱን ድምፅ ብቻ፣ በጣም ዝቅ አድርጌ፣ ሌላውን ሁሉ አጥፍቼ ሰጠሁት። የግራውን ማዳመጫ ሰው እንዳይጠይቀው ብሎ ባዶውን ሰካው።

ከሰዓት በፊት ነው የዘፈነው። ፀሐይዋ በድንኳኑ ሸራ ላይ ቢጫ ሆና ትታያለች። ማዞሪያው ላይ እጄን ጭኜ እየጠበቅሁ ነበር፤ ሲንሸራተት ልደርስለት። አልተንሸራተተም። እኔ ከማውቃቸው ቀኖች ሁሉ በላይ ዘፈነ። ድምፁን ስለሚሰማው መጮህ አላስፈለገውም፤ እንደ ንግግር ነበር የሚያወርደው፤ ዘይነባን እያየ። እሷ ሳቀች፣ ከዚያ መሸፋፈኛዋን ሳብ አድርጋ አለቀሰች። ሰዉ የሙሽራ ለቅሶ መሰለው። ታውቅ ነበር ወይ ብዬ እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም።

አዴ ፋጡማ ግን አያውቁም ነበር። ነግሯቸው ሰርጉን ሊያበላሽባቸው አልፈለገም። ዘፈኑ እንዳለቀ በሰው መሃል ሰንጥቀው ወደ እኔ መጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። እጃቸው የእርድ ሽታ ነበረው።

«የልጄ ድምፅ ተበላሸ ብለው ገበያ ላይ ሲያወሩ እሰማ ነበር» አሉኝ። «ይህ ሽቦ ነው የመለሰለት? አላህ ይስጥህ ልጄ። ከጆሮው እንዳታወጡት።»

«እሺ እማማ» አልኳቸው።

ዞር ስል ኑረዲን ማዳመጫዎቹን አውጥቶ ሽቦውን እኔ እንደማደርገው በመዳፉ ዙሪያ እየጠቀለለ ነበር። አጠገቤ መጥቶ ሰጠኝ። «ድምፄን ሰማሁት» አለኝ። «ጥሩ ነበር አይደል?» ጥሩ እንደነበር ነገርኩት። በቀኙ በኩል ቆሜ ነው የነገርኩት። ከዚያ በእንግዶቹ መሃል ገብቶ ሥጋና ለስላሳ ሲያዞር ዋለ።

በሌላ ዘፋኝ አንድ ሁለት ወቅት ሠራን። መሣሪያው ሠራ፤ ባንዱ ግን አልሠራም። ጌቱ ወደ አገሩ ተዛወረ፤ ሚፍታ ድሬዳዋ ገባ፤ እኔም ሥራ አግኝቼ አዳማ ቀረሁ። የኑረዲን ልጅ ሴት ሆነች፣ ኢክራም አሏት። ቀኝ ጆሮው ትምህርት ቤት እስክትገባ ቆየለት። አፏን ስትፈታ ሰምቷል፤ ቁርኣን ስትቀራ ሰምቷል። ከዚያ በአንድ ክረምት ውስጥ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

መሣሪያውን ቀደም ብዬ ባገኘው ኖሮ እያልኩ ለብዙ ዓመታት አስብ ነበር። ጌቱ በስልክ እንደዚህ አትበል፣ የነርቭ ነገር ነው ይለኛል። አውቃለሁ። ሆኖም ሰው የወደደውን ነገር ሲያጣ ከጎኑ የቆመ ሁሉ አንድ የሚያደርገው ነገር የነበረ ይመስለዋል፤ ያ ስሜት በምክንያት አይለቅም።

ከአዳማው ሰርግ በኋላ አላስችል ብሎኝ ጭሮ ሄድኩ። ኑረዲን አሁን የራሱ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ ጢሙ ሸብቷል። ከንፈር ያነብባል፤ ሲናገር ይጮኻል፤ ሰው አክባሪነቱ ግን እንዳለ ነው። አቅፎኝ ቆየ። ኢክራም ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥታ ታግዘው ነበር፤ ሻይ አመጣችልኝ። እሱ ወደ መደርደሪያው ዞሮ የተዘረጋ የጨርቅ ጣቃ ማጣጠፍ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ያንጎራጉራል። ዜማው ወዲያና ወዲህ ይወድቃል፤ ለመያዝ ብሞክርም የትኛው ዘፈን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ኢክራም ዓይኔን አየች። ሊሰማን እንደማይችል እያወቀች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሳያውቀው ነው ጋሼ» አለችኝ። «እንዳይነግሩት። ከነገርነው ያቆማል።»

አልነገርኩትም። ጣቃውን አጣጥፎ እስኪጨርስ ሻዬን ቀስ እያልኩ ጠጣሁ።