«ደህና ነኝ» ያሉ ጉልበቶች

ሮም ውስጥ ባዮሎጂ ስማር አየርላንድ ወዳለ አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ቆርጬ ነበር። ማመልከቻው የምርምር ልምድ ይጠይቃል። ሁለት በር ተከፈተልኝ፤ አንዱ የአንድ ስመ ጥር ፕሮፌሰር ላቦራቶሪ፣ ሌላው የሰው ቤት ሠራተኞችን የጉልበት ሕመም የምታጠና ወጣት መምህርት ቢሮ። ፕሮፌሰሩ ዘንድ የሚጠብቀኝ ሥራ ብልቃጥ ማጠብ ነበር። ጓደኞቼ «ስሙ ብቻ ያስገባሻል» አሉኝ። እኔ ግን ግትር ነኝ፤ እናቴ በሰው ቤት ስታጥብ ነው ያደግኩት፣ ለቤታችን አንድ አጣቢ ይበቃዋል ብዬ መምህርቷን መረጥኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ሠራተኞቹ ያርፋሉ። የጥናቱን መጠይቅ ቅጽ ይዤ ፒያሳ ቪቶሪዮ አደባባይ የሚቀመጡትን የእናቴን ጓደኞች መጠየቅ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ጉልበትዎን ያመዎታል?»

«ተመስገን! ምን እሆናለሁ ብለሽ።»

ሁሉም ተመስገን። ሊፍት በሌለው ቤት አራት ፎቅ የምትወጣው እናቴ እንኳ «ቫ ቤኔ፣ ደህና ነኝ በይ» ብላ አስሞላችኝ። ቅጹን ላየ፣ ሮም ውስጥ የሚያመው አበሻ የለም። መምህርቷ ወረቀቶቹን አገላብጣ መለሰችልኝ። አፈርኩ፤ ብልቃጡ በስንት ጣዕሙ አልኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ መጀመሪያ የጠየቅኳቸው እትዬ ከወንበሩ ሲነሱ አየኋቸው። አንድ እጃቸው በወንበሩ፣ አንዱ በጓደኛቸው ትከሻ፣ አፋቸው «እናቴ ማርያም!» ይላል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» እያሉ የሚመክሩን እነሱው ናቸው እኮ! ለካ «ያመዎታል?» ሲባሉ የሚሰሙት ሰላምታ ነው፤ ለሰላምታ ደግሞ ማን ሕመሙን ይዘረዝራል? ጥያቄዬን ቀየርኩ። «ደረጃ ሲወጡ የት ላይ ያርፋሉ? ሲነሱ ምን ይይዛሉ?» አፋቸው ተፈታ፤ ወረቀት አለቀብኝ። መምህርቷ በሁሉም ቅጽ ላይ የእኔን ጥያቄዎች አስገባች።

አየርላንድ ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ ሐኪሞቹ «በምርምርሽ ምን ተሳሳትሽ?» አሉኝ። ብልቃጥ ሳጥብ ከርሜ ቢሆን ምን እል ነበር? የተመስገኑን ታሪክ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። አንደኛው ብዕሩን አስቀምጦ አዳመጠኝ።

መግባቴን የሚገልጸው ደብዳቤ ሲደርስ ወጥ ቤት ቆሜ ለእናቴ አነበብኩላት። ጎረቤት በሩን ከፍቶ እስኪያይ ድረስ እልል አለች። እኔም አብሬያት ጮህኩ፤ አሸንፌ ነበራ! ከዚያ ጠረጴዛውን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ እግሯንም ወደ እኔ ዘረጋች።

«አሎራ፣ እንግዲህ ዶክተር» አለችኝ፣ «ቀኝ ጉልበቴን ያመኛል።»