ኮሚቴው ቆሞ የዋለበት ቀን

ከወልድያ ስልጠና የተመለስኩ ሰሞን የማልቻል ሰው ሆኜ ነበር። ስለ መንግሥት ፋይናንስና ንብረት አስተዳደር ማሻሻያ ሳምንት ሙሉ ሻይና ብስኩት እየቀረበልኝ ተምሬ፣ ወፍራም መመሪያ ታቅፌ በሚኒባስ ቆቦ ስገባ፣ አገሪቱ ለመስተካከል የቀራት የኔ መምጣት ብቻ ይመስለኝ ነበር። መመሪያው ሲጨመቅ የሚለው ይሄን ነው፦ የመንግሥት የሆነ እቃ ሁሉ ይቆጠር፣ ቁጥር ይጻፍበት፣ በአንድ ሰው ስም ይመዝገብ። ያ ሰው ሥራ ሲለቅ ያስረክብ፤ ካላስረከበ ይጠየቅ። ይሄን ማንም አይከራከረውም። እኔ ግን ማንም በማይከራከርበት ነገር ላይ ጮክ ብዬ መከራከር እወዳለሁ።

በቆቦ አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት የንብረት ባለሙያ ሆኜ ከተመደብኩ ገና ሦስት ወር መሆኑ ነበር። ያደግኩት ጎብዬ ነው፤ ጠዋት እየመጣሁ ማታ ስለምመለስ ቢሮውን እንጂ ሰፈሩን አላውቀውም። የእቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር የቀራቸው ሰው ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጋሼ አንድ የማይችሉት ነገር ቢኖር እንግዳ ቆሞ ማየት ነው። ማመልከቻ የያዘ ገበሬ በር ላይ ቆሞ ካዩ የራሳቸውን ወንበር ይለቁለትና እሳቸው ቆመው ይጽፋሉ። ይሄን ጠባያቸውን ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነው።

ቆጠራውን ከመሰብሰቢያ አዳራሹ ጀመርኩ። አዳራሹ ውስጥ አስራ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ፤ መዝገቡም በጋሼ ስም አስራ ሁለት ይላል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቀይ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ይዤ ተንበረከክሁ። ጋሼ አጠገቤ ቆመው ያመነታሉ።

«ልጄ፣ እስቲ ከመቀባትሽ በፊት አንድ ነገር…»

«ጋሼ፣ አሠራሩ ነው።»

«እሱማ ነው። ግን እነዚህ ወንበሮች…»

«መዝገቡ አስራ ሁለት ይላል፤ እዚህም አስራ ሁለት አለ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

የቀለሙን ቆርቆሮ አንሥተው ያዙልኝ። እኔም ከአንድ እስከ አስራ ሁለት፣ ከፊት በኩል፣ ከሩቅ እንዲነበብ አድርጌ ጻፍኩ። ስጨርስ ራቅ ብዬ አየሁትና በጣም አማረኝ።

በሳምንቱ ጠዋት አራት ሰዎች የአህያ ጋሪ ይዘው ወደ ግቢው ገቡ። ከፊት የሚመሩት የሰፈሩ የቅሬ ዳኛ ነበሩ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ በኛ በኩል ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ ሬሳውን ይቀብራል፣ ለቅሶውን ያስተናግዳል። ዳኛው ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታ ሰጡኝና ቀጥ ብለው ወደ አዳራሹ አመሩ። ተከትዬ ሮጥኩ።

«አባባ፣ ወዴት ነው?»

«ወንበሩን ልንወስድ ነው ልጄ። ሌሊት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው እናት ሞታለች፤ ድንኳን ተክለናል።»

«ነፍስ ይማር። ግን የመንግሥት ንብረት ያለ ደብዳቤ አይወጣም።»

«ከማን የሚጻፍ ደብዳቤ ነው?»

«ከናንተ፣ ለመሥሪያ ቤቱ።»

«ወንበራችንን ስጡን ብለን?»

«ወንበራችሁ አይደለም። ቁጥር አለው እኮ፤ አይታይዎትም?»

ሽማግሌው ቁጥሩን አዩት፤ እኔንም አዩኝ። «ግሩም ቀለም ነው» አሉ። «በይ አሁን ገልብጪው።»

ገለበጥኩት። ከመቀመጫው ሥር በጋለ ብረት የተተኮሰ ክብ ምልክት አለ፣ መሀሉ ላይ አንድ ሰረዝ። የቅሬው ምልክት ነው። ሁለተኛውን ገለበጥኩ፣ ሦስተኛውንም። የመንግሥት የሆነ አንድ እንኳ አይጠፋም እያልኩ አስራ ሁለቱንም ገለበጥኩ። ሁሉም ላይ ያው የቅሬው ምልክት ነው። ሰዎቹ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቁኝ፤ ከዚያ ጭነው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ደረስኩ። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ድንኳኑ ሙሉ ሐዘንተኛ በየቁጥሩ ተቀምጧል። የሟች ወንድም ሰባት ላይ፣ የመስጊዱ ሰዎች ከሦስት እስከ አምስት፣ አንዲት አሮጊት አስራ አንድን ብቻዋን ይዛ ታለቅሳለች። መግቢያው አጠገብ ያሉ ሁለት ሰዎች ቁጥሩን እያዩ ተራቸው መቼ እንደሚደርስ ሲጠያየቁ ሰማሁ።

ቢሮ ስመለስ ጋሼ እየጠበቁኝ ነበር። «ልነግርሽ ስል…» ብለው ጀመሩ፤ አሁን አላቋረጥኳቸውም።

ጦርነቱ አልፎ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ እሳቸውም ቢሮውን ሊከፍቱ ሄዱ። የሚከፈት በር አልነበረም። ወንበሩ፣ ቁም ሳጥኑ፣ ማተሚያው፣ የመስኮቱ መዝጊያ ሳይቀር ተወስዷል። ቆይቶ የጠፋውን የሚመዘግብ ኮሚቴ ከዞን ሊመጣ እንደሆነ ተነገራቸው። ጋሼም ደነገጡ። ያስደነገጣቸው ደግሞ የጠፋው ንብረት አልነበረም፤ እንግዶቹ ምን ላይ ይቀመጣሉ የሚለው ነው። ሄደው ቅሬውን ለመኑ፤ ቅሬውም አስራ ሁለቱን አግዳሚ አዋሳቸው። ድንኳኑን የሚያኖርበት ቤት ስለፈረሰበትም ወንበሮቹ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ቀሩ፤ ሰው በሞተ ቁጥር ይወጣሉ፣ ሲያበቃ ይመለሳሉ።

«ኮሚቴው መጣ፣ ተቀመጠ» አሉኝ። «ቁም ሳጥን? የለም፤ ተጻፈ። ማተሚያ? የለም፤ ተጻፈ። አግዳሚ ወንበር ላይ ሲደርሱ ጸሐፊው ግራ ቀኝ አየና ‹ይሄ እንኳ ተርፏል፣ ተመስገን› ብሎ ሙሉ ነው ሲል ጻፈ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ተቀምጠውበት እኮ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ሰው። ያስቀመጥኩህ የተውሶ ነው ልበለው?»

ሳቄ አመለጠኝ። እስክደክም ሳቅኩ። ጋሼም አብረውኝ ሳቁ፤ ግን ቶሎ አቆሙ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። በስማቸው የተመዘገበውን ካላስረከቡ ክሊራንስ አያገኙም። ያለ ክሊራንስ ደግሞ የጡረታ ፋይላቸው ከቦታው አይነቃነቅም። በዋጃ በኩል ያለቻቸውን እርሻ ይዘው ማሽላ ሊዘሩ ከባለቤታቸው ጋር ቀን ቆርጠው ነበር።

«ከደመወዜ ቁረጡ እንዳልል፣ ደመወዙ ራሱ ሊቆም ነው» አሉ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

አንጀቴን በሉኝ። በራሴም ተናደድኩ፤ ያን ቀን ለአንድ ደቂቃ አፌን ብዘጋ ኖሮ ይሄን ሁሉ በወቅቱ እሰማው ነበር።

አንድ የሥራ ባልደረባችን ዝም ብለው ለተተኪው ያስረክቡ፣ ቁጥሩ ልክ ነው አለ። ቁጥሩ ልክ ሆኖ እቃው ግን የሰው ነው። ነገ ሌላ ጉልቤ የንብረት ባለሙያ ይመጣና ቅሬውን ከገዛ ወንበሩ ያስነሣዋል። የዚያ ጉልቤ መልክ ደግሞ ከኔ ጋር አንድ ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እውነቱን ለዞኑ ጻፍኩ፤ መጨረሻው ላይም «ቆጠራውን ያካሄድኩት እኔ ስሆን ወንበሮቹን ገልብጬ አላየሁም» ብዬ ጨመርኩ። ይቺን ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ ሰርዤ አራት ጊዜ መልሼ ጽፌያታለሁ። ዞኑ ስልክ ደወለ፦ ኮሚቴው ራሱ ይመጣል፤ በዓይኑ ያየውን ብቻ ይጽፋል።

ቅሬውም በፊናው ተሰብስቦ ፈረደብኝ። ለቅሶ አስቆምሽ ተባልኩ፤ የጻፍኩትን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ እንዳጠፋ ተወሰነ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ዳኛው በያንዳንዱ ወንበር ላይ እጃቸውን እያሳለፉ ተረከቡኝ፤ ዘጠኝን አልወደዱትም፣ እንደገና አስፋቁኝ። እንዲህ ያለ ኦዲት በመንግሥት ቤት አይቼ አላውቅም።

ኮሚቴው የመጣ ዕለት ፀሐዩ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳ ነበር። ወንበሮቹን ከአጥሩ ውጭ፣ ግራሩ ሥር ጋሪ ላይ አስጭነናል። ጋሼ ከየቢሮው ወንበር እንዳያመጡ፣ ኮሚቴውም እንዳለፈው የተቀመጠበትን ‹ሙሉ ነው› ብሎ እንዳይጽፍ፣ ቁልፎቹን ሁሉ ሰብስቤ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ባዶው አዳራሽ መሀል ቆሙ። የቅሬው ዳኛ ወንበሮቹን እንዴት እንዳዋሱ ቆመው መሰከሩ። ጸሐፊው ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይጽፋል፤ እስክሪብቶው እምቢ ይለዋል፣ ያራግፈዋል። ሰብሳቢዋ ወፈር ያሉ ሴት ናቸው፤ አንዴ በቀኝ እግራቸው፣ አንዴ በግራ ይቆማሉ።

ጋሼን ማየት አልቻልኩም። ላባቸው በጆሯቸው ሥር ይወርዳል። ሴትዮዋ እግር በለወጡ ቁጥር እሳቸውም አብረው ይለውጣሉ። ቀስ በቀስ ወደ በሩ ሲሸሹ አየሁና የኮታቸውን ጫፍ ያዝኩ።

«ለመሆኑ መቀመጫ የለም እንዴ?» አሉ ሰብሳቢዋ።

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ። እግራቸውን ረገጥኩት። በሕይወቴ ትልቅ ሰው ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው።

«የለም» አልኩ።

«አንድ እንኳ?»

«አንድ እንኳ የለም።»

ሰብሳቢዋ ባዶውን አዳራሽ ዙሪያውን አዩ። «በል ጻፍ» አሉ ጸሐፊውን፤ «አግዳሚ ወንበር አስራ ሁለት፣ የለም። ከስማቸው ይራገፍ።» ወረቀቱን የሚያስደግፉበት አጥተው በሦስተኛው አባል ጀርባ ላይ ፈረሙ፤ ማኅተሙም እዚያው ጀርባው ላይ ተመታ።

ማኅተሙ ገና ሳይደርቅ ጋሼ ከእጄ አምልጠው ወጡ። እንደዚያ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። ወዲያው ጋሪውን ከሚጠብቁት የዳኛው ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ተሸክመው ገቡና ከሰብሳቢዋ ኋላ አስቀመጡት፤ በኮታቸው እጅጌ አቧራውን ጠረጉት። ሴትዮዋ እንደ ወደቀ ጆንያ ዘፍ አሉ። ቀጥሎ ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«የቅሬ ነው፤ አጥሩ ጥግ ነበር» አሉ ጋሼ።

«አጥሩ ጥግ እያለ ነው ግማሽ ቀን ያስቆማችሁን? ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?»

ጋሼ የተፈረመውን ወረቀት ለአራት አጥፈው የውስጥ ኪሳቸው ከተቱ፤ በላዩም መዳፋቸውን አሳረፉበት። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው አዩኝ።

«አሠራሩ ነው፣ እመቤቴ» አሏቸው ሰብሳቢዋን።